ለታዳጊዎች ክለብ ያገለገለን ሰው እንዴት እናስበው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ሦስት ደብዳቤዎች የተጻፉት በታዳጊዎች የበረዶ ሆኪ (በበረዶ ሜዳ ላይ እየተንሸራተቱ በዱላ የሚጫወቱት ስፖርት) ክለቦች ውስጥ ካሉ ወላጆች ነው። ሦስቱም ስለ አንድ ጉዳይ ይጠይቃሉ፤ ከክለቡ ሰው ሲሞት ልጆቹና ወላጆቹ ምን ማድረግ እንደሚገባቸው።

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የአንድ ታዳጊዎች ክለብ የወላጆች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ክለባችንን ለረጅም ዓመታት ያለ ክፍያ ያገለገሉ አንድ አረጋዊ በድንገት አርፈዋል። የልጆቹን የመንሸራተቻ ጫማ ብረት የሚስሉት፣ የመልበሻ ክፍሉን ቁልፍ የሚይዙት፣ የትንንሾቹን የጫማ ክር ጎንበስ ብለው የሚያስሩት እሳቸው ነበሩ። ኮሚቴው አሁን በሐሳብ ተከፋፍሏል። አንዳንዶች በወጣትነታቸው ለክለቡ ሲጫወቱ ይለብሱት የነበረው 14 ቁጥር ከእንግዲህ በማንም እንዳይለበስ፣ አንዳንዶች በስማቸው ገንዘብ እንዲሰበሰብ ይፈልጋሉ፤ ሌሎች ደግሞ በመጪው ጨዋታ ላይ የኅሊና ጸሎት ማድረግ ይበቃል ይላሉ። ቤተሰቡን ገና አላነጋገርንም። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ ለእርስዎም ለክለቡም መጽናናትን እመኛለሁ። ከሦስቱም ሐሳቦች የሚቀድመው በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ የጠቀሱት ቤተሰብ ነው። የሟቹ ባለቤትና ልጆች ስለ ማሊያው፣ ስለ ገንዘቡ ወይም በልጆች ፊት ስለሚነገረው ቃል ከሌላ ሰው አፍ መስማት የለባቸውም። ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች፣ ቢቻል አንደኛው ሟቹን በቅርብ የሚያውቅ፣ ቤታቸው ድረስ ሄደው ሐዘን ይድረሱ፤ በዚያን ቀን ግን ምንም ዓይነት ውሳኔ አይጠይቁ። ከቀናት በኋላ ተመልሰው ስማቸው በምን መልክ እንዲጠራ እንደሚፈልጉ፣ በይፋ እንዲነገር የማይፈልጉት ነገር ካለ፣ በመታሰቢያውም ላይ ለመገኘት አቅሙና ፍላጎቱ እንዳላቸው ይጠይቁ። እስከዚያ ድረስ ክለቡ ከማረፋቸው ዜና በስተቀር ስለ አሟሟታቸው አንድም ቃል ለወላጆች ባይልክ ይሻላል።

ይህን ያህል የምጠነቀቀው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 2018 በካናዳ ሳስካችዋን ግዛት ሃምቦልት ብሮንኮስ የተባለውን የወጣቶች ቡድን የጫነ አውቶቡስ ከከባድ የጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ፣ ከተሳፈሩት 29 ሰዎች 16ቱ ሲሞቱ 13ቱ ቆስለዋል። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ለጥሎ ማለፉ ውድድር ሲሉ ፀጉራቸውን በአንድ ዓይነት ወርቃማ ቀለም ተቀብተው ስለነበር የሁለት ወጣቶች ማንነት ተምታታ፤ አንደኛው ቤተሰብ የሞተ ልጁን ቆስሎ ተርፏል ብሎ፣ ሌላኛው ደግሞ በሕይወት ያለ ልጁን ሞቷል ብሎ ቆየ፤ ስህተቱ የታረመው ከቀናት በኋላ ነው። ይህ የሆነው ሥራቸው በሆነ ባለሙያዎች እጅ ነው። እንግዲህ የሰሙትን በስልክ መልእክት የሚቀባበሉ ወላጆችማ ምን ያህል ሊሳሳቱ እንደሚችሉ መገመት አያዳግትም።

የኅሊና ጸሎቱ ይደረግ፤ ነገር ግን ለልጆች በሚሆን መንገድ ይደረግ። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች በስለታም ብረት ላይ ቆመው ሙሉ ደቂቃ ጸጥ ማለት አይሆንላቸውም፤ ይንሸራተታሉ፣ ይደገፋፋሉ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይሥቃል፣ ከዚያም ሐዘን ላይ ያለ አዋቂ ይቆጣቸዋል። አሰልጣኝ ሲናገር እንደሚያደርጉት በአንድ ጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ዱላቸውን ፊታቸው አጋድመው ግማሽ ደቂቃ ቢቆዩ በቂ ነው። በበረዶው ላይ እስካሉ ድረስ ሄልሜታቸውን አያውልቁ፤ ወደ ኋላ የሚወድቅ ልጅ ራሱን ከኋላ በኩል ሊመታ ይችላል። ጸጥታው ሲያበቃ ሁሉም በዱላቸው በረዶውን ደጋግመው ይምቱ። በሆኪ ሜዳ የክብር ጭብጨባው ይህ ስለሆነ፣ ትንሹም ልጅ ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቃል።

ቁጥሩን በክብር ሰቅሎ ማስቀረትን በተመለከተ ግን እኔ አልደግፍም። ምክንያቴን ለማስረዳት የአንድ ቁጥር ታሪክ ልንገርዎ። ኤን ኤች ኤል በተባለው የሰሜን አሜሪካ ዋና የበረዶ ሆኪ ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ በክብር የተሰቀለው ቁጥር የቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ቡድን ተጫዋች የነበረው የኤስ ቤይሊ 6 ቁጥር ነው። ቤይሊ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1933 ቦስተን ውስጥ በተደረገ ጨዋታ ላይ ኤዲ ሾር የተባለው ተጫዋች ከኋላ ገጭቶት ራስ ቅሉ ተሰበረ፤ ከሞት አፋፍ ቢመለስም ዳግመኛ አልተጫወተም። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1934 ለእሱ መርጃ በተዘጋጀ ጨዋታ ላይ ሾርን በሕዝብ ፊት ጨበጠው፤ ክለቡም 6 ቁጥርን ማንም እንዳይለብሰው ወሰነ። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ቤይሊ ራሱ ሮን ኤሊስ የተባለው ተጫዋች ቁጥሩን እንዲለብሰው ጠየቀ፤ ኤሊስም እስከ 1981 ድረስ ለበሰው። ቤይሊ ቁጥሩ ከግድግዳ ይልቅ ሰው ጀርባ ላይ እንዲውል መረጠ ማለት ነው።

ለታዳጊዎች ክለብ ደግሞ ይህ ይበልጥ እውነት ነው። ማሊያዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ከዓመት ዓመት ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋሉ፤ ዛሬ አንድ ቁጥር ብትሰቅሉ ነገ ሌላ ቤተሰብ ሐዘን ሲደርስበት የእኛስ ለምን አይሰቀልም ቢል መልስ የላችሁም። እኔ ብሆን 14 ቁጥርን በየውድድር ዘመኑ መጀመሪያ ትንንሾቹን በማገዝ ለሚታወቅ ልጅ እሰጠዋለሁ፤ ቤተሰቡ ከፈቀደ የሚያስረክበው አንድ የቤተሰብ አባል ይሁን። በአንገትጌው ውስጠኛ በኩል የለበሱት ልጆች ስም በማይለቅ ቀለም በተርታ ይጻፍ። አዲሱ ልጅ ማሊያውን ገልብጦ ከእሱ በፊት የነበሩትን ያነባል፤ የመጀመሪያውም ስም የእሳቸው ነው።

በማሊያው ትከሻ ላይ የሚሰፋ ትንሽ ምልክት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ የሊጉን ፈቃድ ጠይቁ። በሄልሜት ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ማጣበቂያው ፕላስቲኩን እንዳይጎዳ የአምራቹን መመሪያ ተመልከቱ። መርፌ ያለው ማንኛውም ዓይነት ጌጥ ግን ወደ ሜዳ አይግባ።

ስለ ገንዘቡ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ለሃምቦልት ቤተሰቦች በኢንተርኔት በተከፈተው ማሰባሰቢያ ከ15 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ተዋጥቶ ነበር፤ አከፋፈሉ ግን ያለ ፍርድ ቤት ክትትል አልተፈጸመም፣ ወራትም ወስዷል። የእናንተ መዋጮ ከዚያ ጋር የሚወዳደር ባይሆንም ጥያቄው ያው ነው፤ ገንዘቡ ለማን ነው? ለቀብር ወጪ ነው፣ ለባለቤታቸው ነው፣ ወይስ መሣሪያ መግዛት ለማይችሉ ልጆች? የመጀመሪያው ሰው ከመስጠቱ በፊት ዓላማው፣ የሚዘጋበት ቀን፣ የሚፈርሙት ሁለት ሰዎች እና ቢተርፍ የት እንደሚገባ በጽሑፍ ይቀመጥ። በአንድ ወላጅ የግል ሒሳብ ገንዘብ መሰብሰብ ሰውየው ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን መደረግ የለበትም፤ እንዲያውም ታማኙን ሰው ከሐሜት የሚጠብቀው ይህ ጥንቃቄ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ኮሚቴው ያልተከራከረበት ጉዳይ ነው። ጫማዎቹን ከእንግዲህ ማን ይስላል? የመንሸራተቻ ጫማ ብረት ከሥሩ በቁመቱ ጎድጎድ ተደርጎ ስለሚሞረድ በግራና በቀኝ ሁለት ስለቶች ይኖሩታል፤ አንደኛው ከሌላው ከፍ ካለ ልጁ በሚታጠፍበት ጊዜ እግሩ ይከዳዋል፣ ስህተቱም የእሱ ይመስለዋል። ጥሩ ሞራጅ ሁለቱን ስለቶች ለማስተያየት ሳንቲም አጋድሞባቸው በዓይኑ ይለካል፤ የስለቱን ልክ ለማወቅ ደግሞ የጥፍሩን ጀርባ በቀስታ ያስነካና ብረቱ ጥፍሩን ፋቅ ማድረግ አለማድረጉን ያያል። እኚህ አረጋዊ ይህን ሥራ ለዓመታት ሲሠሩ አጠገባቸው ቆመው ያዩ ልጆች በእርግጥ አሉ። ከትልልቆቹ ሁለት ሦስቱን መርጣችሁ በሚያውቅ አዋቂ ሥር ሥራውን ይማሩ፤ ትንንሾቹም ከልምምድ በኋላ ብረቱን በጨርቅ አድርቀው፣ እርጥበት የሚያምቀውን የፕላስቲክ መሸፈኛ ሳይሆን የጨርቁን አልብሰው ማስቀመጥን ይልመዱ። ለዚህ የሚሆን ሰዓት በልምምድ መርሐ ግብሩ ላይ በስማቸው ይመደብ። ቁልፉን የሚይዝና ክር የሚያስር ሰውም በስም ተለይቶ ይታወቅ፤ አለበለዚያ በመታሰቢያው ማግስት ትንንሾቹ የተፈታ ክራቸውን ይዘው በበሩ ላይ ቆመው ይቀራሉ።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ የቡድን ጓደኛውን በሕመም አጣ። ሟቹ በረኛ ነበር። ልጄ አንዳንድ ቀን ልምምድ አልሄድም ይላል፤ በሄደ ቀን ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ሲሣሣቅ አየዋለሁ፣ ማታ ግን ያለቅሳል። አሰልጣኙ «ጨዋታው ያስረሳዋል» አሉኝ፤ ለልጆቹም የቀሩትን ጨዋታዎች ለእሱ ስትሉ አሸንፉ ብለዋቸዋል። ላስገድደው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ውድ እናት፣ አያስገድዱት፤ በሩንም አይዝጉበት። በአንድ ቀን ውስጥ መሣቅና ማልቀስ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ሐዘንን የሚሸከምበት የተለመደ መንገድ ነው፤ ሲሥቅ አልረሳም፣ ሲያለቅስም አልታመመም። ከሁለቱ ምርጫዎችዎ መካከል ሦስተኛ አለ። ልምምድ በሚኖርበት ቀን ይሂድ፤ ጫማውን ግን ማድረግ ካልፈለገ አያድርግ። የተቀያሪዎችን በር ይክፈት፣ የውኃ ጠርሙሶቹን ይሙላ፣ ፓኮቹን (በዱላ የሚመቱትን ጠፍጣፋ ክብ ጎማዎች) ይሰብስብ። ከጓደኞቹ ሳይለይ ወደ በረዶው የሚመለስበትን ቀን ራሱ ይምረጥ።

ስለ ጓደኛው ሲያወሩት «ሞተ» የሚለውን ቃል ይጠቀሙ። «አንቀላፋ» ወይም «ሄደ» የተባለ ልጅ መተኛትን ሊፈራ፣ ወይም የሄደውን ሰው ሲጠብቅ ሊኖር ይችላል። ሕመሙ ከእሱ ጋር በመጫወት ወይም በአንድ ጠርሙስ በመጠጣት የመጣ እንዳልሆነ፣ በእርግጥ ካልሆነ፣ ሳይጠይቅዎ ይንገሩት፤ ልጆች ይህን ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ በሆዳቸው ይይዙታል።

ለአሰልጣኙ የሚደርሱ ሁለት ነገሮች አሉኝ። የመጀመሪያው በሟቹ ቦታ ስለሚቆመው ልጅ ነው። አዲሱ በረኛ በጓደኛው ሞት ቦታ እንዳገኘ ሊሰማው ይችላል፤ አንድ ጎል በገባበት ቁጥርም «እሱ ቢሆን ይይዛት ነበር» የሚለውን ከራሱ ጋር ያወራል፣ ምናልባትም ከመቀመጫው ይሰማል። ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት አሰልጣኙ ብቻውን ያነጋግሩት፤ ለቡድኑም ማነጻጸር እንደማይፈቀድ ይናገሩ። በመልበሻ ክፍል ውስጥ የሟቹ መቀመጫ የነበረውንም ቦታ በአንድ ሌሊት ከማጽዳት፣ ወይም ዓመቱን ሙሉ ባዶ እንዲቀመጥ ከመወሰን ይልቅ፣ ልጆቹ ራሳቸው ይጠየቁ።

ሁለተኛው «ለእሱ ስትሉ አሸንፉ» የሚለው ቃል ነው። አሰልጣኙ ይህን በቅን ልቦና እንደተናገሩት አልጠራጠርም። ሆኖም የ11 ዓመት ልጆች ቡድን መሸነፉ አይቀርም፤ ያን ቀን ጓደኛቸውን የከዱት ይመስላቸዋል። ዕዳ ሆኖ የተሰጠ ፍቅር ለልጅ ትከሻ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ቃሉ በግልጽ ይነሣላቸው።

በዚህ ነገር ላይ የምጸናው አንድ የታወቀ ታሪክ ከውጭ ሲታይና ከውስጥ ሲታይ እንዴት እንደሚለያይ ስለማውቅ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 1986 በዚያው በሳስካችዋን የስዊፍት ከረንት ብሮንኮስ ቡድን አውቶቡስ በበረዷማ መንገድ ላይ ተንሸራትቶ ከመንገድ ወጣና አራት ተጫዋቾች ሞቱ። ቡድኑ የአራቱን ቁጥሮች በባለ አራት ቅጠል ምልክት ላይ ጽፎ በማሊያው ላይ ለበሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የካናዳን የወጣቶች ዋንጫ ሲያነሣም ብዙዎች ሐዘኑ በድል የተካሰ መሰላቸው። ከአደጋው የተረፉ ተጫዋቾች ግን በዚያ ወቅት የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዳልቀረበላቸው በኋላ ተናግረዋል። ሐዘናቸው በእጁ የተተወለት አሰልጣኝ ደግሞ በተጫዋቾች ላይ ወሲባዊ ጥቃት ይፈጽም የነበረ ሰው መሆኑ ታውቆ እ.ኤ.አ. በ1997 ተፈረደበት። ይህን የማነሣው የእርስዎን ልጅ አሰልጣኝ ለመጠርጠር አይደለም። የልጆች ሐዘን ምንም ያህል መልካም ቢሆን በአንድ አዋቂ እጅ ብቻ መተው እንደሌለበት ስለሚያሳይ ነው፤ ክለቡ ከቡድኑ ውጪ የሆነ፣ ልጆችን ማማከር የሠለጠነ ባለሙያ ይጋብዝ፣ ወላጆችም መቼ እንደሚመጣ ይወቁ።

ልጅዎ ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለው፣ ከትምህርቱና ከጓደኞቹ ጨርሶ ከራቀ፣ ሐኪም ወይም አማካሪ ያነጋግሩ። ስለ ራሱ መሞት ወይም ራሱን ስለመጉዳት ከተናገረ ግን አንድ ቀንም አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ክለባችን ከብዙ ዓመታት በፊት በሞተ አንድ አሰልጣኝ ስም በየዓመቱ ውድድር ያዘጋጃል። አሁን ከሚጫወቱት ልጆች ማንም አያውቀውም፤ ወላጆቹም አብዛኞቹ አዲስ ናቸው። አዘጋጆቹ ደክመናል ይላሉ። ማቆም ነውር ይሆን?

መልስ፦ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ከማቆም በፊት ሊታይ የሚገባ መንገድ አለ። ከላይ የጠቀስኩት የካናዳ የወጣቶች ዋንጫ ስሙ ሜሞሪያል ካፕ፣ ማለትም የመታሰቢያ ዋንጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ሲሰጥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የወደቁትን ለማሰብ ነበር፤ የሚያውቋቸው ሰዎች ሁሉ ካለፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ለአገሪቱ በወደቁ ወታደሮች ሁሉ ስም እንደገና ተሰየመ። መታሰቢያው የቆየው ስለሰፋ ነው። የእናንተም ውድድር ክለቡን አገልግለው ያለፉትን ሁሉ የሚያስታውስ ቢሆን፣ አዲሶቹ ቤተሰቦችም የራሳቸውን ሰው በውስጡ ያገኙታል።

የድካሙ ነገር እውነት ከሆነ ደግሞ ውድድሩን ትታችሁ አሰልጣኙ ይቆምለት የነበረውን ነገር ያዙ። ከሃምቦልት ሟቾች አንዱ የሆነው ሎጋን ቡሌት ከአደጋው ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ 21 ዓመት ሲሞላው፣ የአካል ለጋሽ ለመሆን ፈርሞ ነበር፤ ይህን ያደረገው ያሠለጥነው የነበረው ሪክ ሰጊት እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሞት አካሉን ለስድስት ሰዎች መለገሱን ስላየ ነው። የሎጋን አካልም እንዲሁ ለስድስት ሰዎች ተረፈ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሺህ ካናዳውያን ለጋሽ ለመሆን ተመዘገቡ፣ በየዓመቱ ኤፕሪል 7 ቀንም በዚሁ ምክንያት አረንጓዴ ሸሚዝ ይለበሳል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 2023 ሼፊልድ ውስጥ አዳም ጆንሰን በጨዋታ ላይ አንገቱ በመንሸራተቻ ብረት ተቆርጦ ሲሞት ደግሞ፣ የዓለም አቀፉ የበረዶ ሆኪ ፌዴሬሽን በሚያዘጋጃቸው ውድድሮች ሁሉ የአንገት መከላከያን ግዴታ አድርጓል። ዛሬ ያን መከላከያ የሚያስር ልጅ የጆንሰንን ስም ባያውቅም በእሱ ምክንያት ይጠበቃል።

ስለዚህ አሰልጣኙን የሚያውቁ የቀድሞ ተጫዋቾችን ፈልጋችሁ፣ በምን ይታወቅ እንደነበር ጠይቁ። መሣሪያ ለሌላቸው ልጆች የሚያውስ ሰው ከነበረ በስሙ የመሣሪያ ማዋሻ ይከፈት፤ መንሸራተት የማይችሉትን ቀድሞ መጥቶ የሚያስተምር ከነበረ ያ ሰዓት ይመለስ። ሁለቱም ከውድድር ያነሰ ድካምና ወጪ አላቸው። የመጨረሻውን ውድድር «የመጨረሻ» ብላችሁ ከማስታወቃችሁ በፊት ግን ለቤተሰቡ ደብዳቤ ጻፉ፤ ምን እንዳሰባችሁና ለምን እንደሆነ ግለጹላቸው፣ መልሳቸውንም ሳትቸኩሉ ጠብቁ።